አባት ማለ፣ ልጅ ዜጋ ሆነ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ በ11 ዓመቷ ግሪን ካርድ ይዛ ከእናቷ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አባቷ ዘንድ ገባች። 16 ዓመት ሲሆናት አባቷ ፈተናውን አልፎ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ ማለና የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። እሷ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች። ፎርም አልሞላችም፤ አልተፈተነችም፤ አልማለችም። ዛሬ 21 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርዷ የሚያልቅበት ጊዜ ስለደረሰ «ላድሰው ወይስ ለዜግነት ላመልክት?» እያለች ታወጣለች፣ ታወርዳለች። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሯት ነበር?

አብዛኛው ሰው «ምን ማደስ ያስፈልጋል፤ ዜግነቱን ታመልክት እንጂ» ይላል። ለልጅቷ አስቦ ነው። እኛ የምናውቀው የዜግነት መንገድም ፎርም ሞልቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ጥያቄውን አጥንቶ፣ ምሎ መውጣት ነው። ልጅቷ ግን የምታመለክተው ነገር የለም። አሜሪካዊት ከሆነች አምስት ዓመት አልፏታል። አባቷ በማለበት ቀን እሷም ክፍሏ ውስጥ እንደተቀመጠች ዜጋ ሆናለች። የማታውቀው የነገራት ሰው ስለሌለ ብቻ ነው።

ይህን ያደረገው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 የፈረሙት፣ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ የሚሠራው የልጆች ዜግነት ሕግ ነው። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ከወላጆች አንዱ፣ ማንኛቸውም ቢሆኑ፣ የአሜሪካ ዜጋ ይሁን፤ በመወለድም ሆነ በመሐላ ያገኘው ለውጥ የለውም። ልጁ 18 ዓመት ያልሞላው፣ ግሪን ካርድ ያለው ይሁን። አሜሪካ ውስጥ፣ ዜጋ በሆነው ወላጅ አሳዳጊነት ሥር አብሮት ይኑር። እነዚህ ሁሉ ልጁ 18 ሳይሞላው ለአንድ ቀን እንኳ አንድ ላይ ከተገኙ ነገሩ በዚያው አለቀ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ አያመጣም። አባት መጀመሪያ ምሎ ልጅ ኋላ ግሪን ካርድ ይዞ ቢገባ፣ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ማህተሙ ሲመታለት ዜጋ ሆኖ ይወጣል፤ ከአባቱ ጋር ሊኖር እስከመጣ ድረስ። ሕጉ ሥራ ሲጀምር 18 ዓመታቸው አልፎ የነበሩትን ግን አይመለከትም። እነሱ የሚዳኙት በቀድሞው ሕግ ነው፤ ያኛው ደግሞ በአብዛኛው አባትም እናትም እንዲምሉ ይጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ነውና። በዲቪ የሚመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ቀን ግሪን ካርድ ያገኛሉ። ወላጆቹ ለዜግነት ለመብቃት በተለምዶ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው፤ ማመልከቻውን 90 ቀን አስቀድመው ማስገባት ይችላሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሲገቡ 12 ዓመቱ የነበረ ልጅ አምስቱ ዓመት ሲሞላ 17 ነው። የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በዚያ አንድ ዓመት አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እናት በሁለት ፈረቃ ትሠራለች፣ «እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻሻልና» ይባላል፣ ማመልከቻው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የሚቆጠረው ደግሞ የማመልከቻው ቀን ሳይሆን የመሐላው ቀን ነው። ልጁ 18 በሞላ ማግስት አባት ቢምል ለልጁ አይደርሰውም፤ ልጁ እንደማንኛውም ሰው በራሱ ስም አመልክቶ፣ ከፍሎ፣ ተፈትኖ መጠበቅ አለበት። አንድ ወላጅ በቂ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ከሁለቱ እንግሊዝኛው የሚቀናው፣ ጊዜ የሚያገኘው ይቅደም። አባት ቤተሰቡን የሚመራ ስለሆነ አባት ይቅደም የሚባለውን ልማድ በዚህ ጉዳይ ተዉት። እናት ብትቀድም ልጆቹ በእናታቸው በኩል በዚያው ቀን ያገኙታል።

አብሮ መኖር የምትለዋም ቀላል አይደለችም። ወላጆች ተፋተው ልጁ ዜጋ ካልሆነችው እናቱ ጋር ብቻ የሚያድግ ከሆነ፣ የአባትየው መሐላ ለልጁ ምንም አያደርግለትም። እንጀራ አባትም፣ ልጁን በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደው በቀር፣ በዚህ ሕግ እንደ ወላጅ አይታይም። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳድጎት፣ ልጁም «አባዬ» እያለው ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ይህን አይቆጥርም፤ በጉዲፈቻውም ቢሆን ወረቀቱ በመሠረቱ ልጁ 16 ሳይሞላው ማለቅ አለበት። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ሰዎች ነገሩን ለነገ አታሳድሩት።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ዜግነቷ በሕግ የተሰጠ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚሰጣት ነገር የለም። የሚቀራት ማስረጃ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቀጥታ የአሜሪካ ፓስፖርት መጠየቅ ነው፤ ፈጠን ይላል፣ ዋጋውም ይሻላል። ሌላው ኤን 600 በሚባለው ፎርም የዜግነት ምስክር ወረቀት ማውጣት ነው፤ ክፍያው ከሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ግን እንደ ፓስፖርቱ ጊዜው አያልፍበትም። ከቻለች ሁለቱንም ብታወጣ እመርጣለሁ። በሁለቱም መንገድ የሚጠየቁት ያው ናቸው፦ የአባት የዜግነት ሰርተፍኬት፣ የልጅቷ የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ የወላጆች የጋብቻ ወረቀት፣ ግሪን ካርዷ፣ በዚያን ጊዜ ከአባቷ ጋር ትኖር እንደነበር የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወይም የቤት ኪራይ ወረቀት። አያችሁ፣ ከግሪን ካርዷ በስተቀር አንዱም በእሷ እጅ አይደለም። ሁሉም በወላጆቿ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። አባት ቢሞት፣ ቤት ሲቀየር ሻንጣ ቢጠፋ፣ አባትና ልጅ ቢኳረፉ መብቱ አይጠፋም፤ ማሳየት ግን ከባድ ይሆናል። እኔን በዚህ ጉዳይ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ ልጆቻችን መብቱን አግኝተው ማስረጃውን ያጣሉ።

ከወረቀቶቹ ሁሉ የሚያስቸግረው የእኛው የልደት የምስክር ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ወሳኝ ኩነቶችን በመላው አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ብዙውን ጊዜ የልደት ወረቀቱን ያወጣው ጉዞ ሲታሰብ፣ ከቀበሌ በተጻፈ ደብዳቤ፣ በክርስትና ካርድ ወይም በሆስፒታል ካርድ ነው። ቀኑ የተጻፈው ከእናት ትዝታ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይገለበጣል፤ ጣጣው የሚመጣው ይኼኔ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ጥር 12 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አለ እንበል፤ በጥምቀት ማግስት። ይህ ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 2007 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት ይደመራል፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ግን ስምንት ነው። ቸኩሎ የገለበጠ ሰው ሰባት ደምሮ 2006 ብሎ ጻፈ። ማንም ልብ አላለም፤ ፓስፖርቱም፣ ግሪን ካርዱም በዚሁ ወጣ። አባት በጁን 2024 ማለ። እውነተኛው ልጅ በዚያ ቀን 17 ዓመቱ ነው፤ ዜጋ ሆኗል። በወረቀት ላይ ያለው ልጅ ግን በጃንዋሪ 18 ሞልቶታል፤ አምስት ወር አልፎታል። አንዲት የተሳሳተች ድምር የልጁን ዜግነት ከሰነዱ አስወጣችው። ይህን ለማስተካከል ከአገር ቤት የተሻለ ማስረጃ፣ የጥንቱን የክትባት ካርድ ሳይቀር፣ ፈልጎ ማምጣት ግድ ይሆናል። ስለዚህ አሁኑኑ የልጆቻችሁን ቀን ራሳችሁ አስሉት፤ ስህተት ካለ የሚታረመው ማንም ሳይጠይቃችሁ ነው።

የስም ነገርም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ልጅ የአባቱን ስም፣ አባት የአያትን ስም ይዞ ይዞራል፤ እናት በጋብቻ ስሟን አትለውጥም። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ አባት፣ እናትና ልጅ በአሜሪካ ፎርም ላይ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም አላቸው። ለእኛ ከዚህ የጠራ የዘር ሐረግ የለም፤ ፎርሙን ለሚያየው ሰው ግን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ናቸው። የፊደል አጻጻፉ ከፓስፖርት ፓስፖርት ሲለያይ ደግሞ ይብሳል። አጭር ማብራሪያ ጽፎ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ሁለተኛ ቡና ይቀዳ። እስካሁን ያወራነው አሜሪካ ገብተው ስለሚያድጉ ልጆች ነው። አባት ወይም እናት አስቀድመው የአሜሪካ ዜጋ ሆነው ልጁ አዲስ አበባ ቢወለድስ? ይህ ሌላ በር ነው፤ ልጁ ዜጋ የሚሆነው ሲወለድ ነው፤ ግሪን ካርድም አያስፈልገውም። ግን ሕጉ ወላጁን «አንተስ አሜሪካን ምን ያህል ታውቃታለህ?» ይለዋል። ባልና ሚስት ተጋብተው አንዱ ብቻ ዜጋ ከሆነ፣ ዜጋው ልጁ ከመወለዱ በፊት በአሜሪካ ምድር በአካል አምስት ዓመት መቆየት አለበት፤ ከአምስቱ ሁለቱ ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ። ዜጋ ከመሆኑ በፊት የኖረበትም ይቆጠርለታል። አገር ቤት የከረመባቸው ወራት ግን ይቀነሳሉ። ሁለቱም ዜጎች ከሆኑ፣ አንዳቸው ቀድሞ አሜሪካ መኖራቸው ይበቃል። አባት ዜጋ ሆኖ ከእናትየው ጋር ጋብቻ ከሌለ ደግሞ ልጁ 18 ሳይሞላው አባትነቱን በሕግ ማረጋገጥ፣ እስከ 18 ዓመቱም እንደሚረዳው በጽሑፍ መስማማት አለበት። በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የውጭ አገር ልደት ሪፖርት የሚባለውን ማውጣት የሚቻለውም ልጁ 18 ሳይሞላው ነው።

የቀን ቆጠራው ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ የሞራሌስ ሳንታናን ጉዳይ ያነበበ ይረዳዋል። አባትየው ሆሴ ሞራሌስ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ፣ የአሜሪካ ዜጋ ነበር። በጊዜው የነበረው ሕግ አሥር ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ አምስቱን ከ14 ዓመት ዕድሜ በኋላ መኖርን ይጠይቃል። ሰውየው ለሥራ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሄደው 19 ዓመት ሊሞላው 20 ቀን ሲቀረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚያ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ልጁ በ13 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ አደገ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአገር ይውጣ ሲባል «አባቴ ዜጋ ነው» አለ፤ 20 ቀኗ ተነሥታ ዜጋ አይደለህም ተባለ። ሳያገቡ ለሚወልዱ እናቶች ግን ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር፣ ይህ አድልዎ ነው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2017፣ በዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ ብዕር፣ እውነትህን ነው፣ አድልዎ ነው አለው። ማስተካከያው ግን የአባቶችን ማሳጠር ሳይሆን የእናቶችን ማስረዘም ሆነ። ክርክሩን አሸነፈ፤ ዜግነቱን ግን አላገኘም። እኔ ይህን ፍርድ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ለምን ይህን አነሣሁ መሰላችሁ? ከእኛም መካከል ልጆቻቸው አማርኛ እንዲያውቁ፣ ከአያት ከአክስት ጋር እንዲያድጉ ብለው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የወለዷቸውን ሕፃናት በሦስት በአራት ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ የመለሱ አሉ። መልካም አደረጉ። እነዚያ ልጆች አድገው አዲስ አበባ ውስጥ አግብተው ሲወልዱ ግን የአሜሪካ ፓስፖርታቸው ብቻውን ለልጃቸው አያወርስም፤ አምስቱ ዓመት አልሞላላቸውም። እዚህ ላይ ሕጉ አያትን ይጠራል። ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ፣ ዜጋ የሆነ አያት ካለ፣ የእሱ ዓመታት ለልጅ ልጁ ይቆጠራሉ። ፎርሙ ኤን 600 ኬ ይባላል። ልጁ በጊዜያዊ ቪዛ አሜሪካ መጥቶ፣ ጉዳዩ 18 ሳይሞላው ከነመሐላው ማለቅ አለበት። ይህን በር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። አያትየው ግብር የከፈለባቸውን፣ ደመወዝ የተቀበለባቸውን አሮጌ ወረቀቶች «ምን ያደርጋሉ» ብላችሁ እንዳትጥሉ።

አሁን ደግሞ በእኛው አገር ሕግ በኩል እንየው። በዚህ ነገር የምንኮራበት አለን። በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር የተወለደ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናቱ! አሜሪካ ለውጭ አገር ተወላጅ ልጆች በእናት በኩል ዜግነት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ጀርመን በ1975፣ ብሪታንያ በ1983። ያ ሕጋችን እንከን አልነበረበትም አልልም፤ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባሏ አገር ዜግነት ከሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። ያ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6፣ የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 3፣ ከወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በቂ ነው ይላሉ።

ይህች ሐረግ ለሜሪላንድ ልጅ ተጨማሪ ነገር ልትሆን ትችላለች። ቤይሩት ውስጥ ለምትወልድ እህታችን ግን ያላት ሁሉ ነው። ሊባኖስ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት ነው፤ የሳዑዲ ምድርም ስለተወለደበት ብቻ ለማንም ዜግነት አይሰጥም። አባቱ ያልታወቀ ወይም ልጄ አይደለም ያለው፣ እናቱ ከአሠሪ ቤት ወጥታ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የምትኖር ሕፃን፣ በምድር ላይ ዜጋዬ የሚለው አገር ቢኖር ኢትዮጵያ ብቻ ናት። በእናቱ ብቻ፣ በሙሉ መብት። የኩነት ምዝገባ አዋጁም ኤምባሲዎቻችንና ቆንስላዎቻችን የዜጎችን ልደት እንዲመዘግቡ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ያቺ እናት ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ጋብቻሽ የት አለ፣ አባቱ ማን ነው እየተባለች ልትመለስ አይገባም። ሕጉ የጠየቃት ኢትዮጵያዊት መሆኗን ብቻ ነው።

በአሜሪካ የሚወለዱት ልጆች ነገር ሌላ መልክ አለው። ወላጆቹ ሁለቱም በግሪን ካርድ ላይ እያሉ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ፣ በቦታው አሜሪካዊ፣ በደሙ ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለቱም ከማሉ በኋላ የተወለደችው ታናሹ ግን ስትወለድ ኢትዮጵያዊ ወላጅ የላትም፤ ወላጆቿ በመሐላው ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸውን ትተዋል። የአንድ እናት ልጆች፣ በአንድ ሆስፒታል ተወልደው፣ በዜግነት አዋጁ ፊት ይለያያሉ። ለታናሽየዋ ያለው ቢጫ ካርድ የሚባለው የኢትዮጵያ ተወላጅነት መታወቂያ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ፣ ኤርትራዊ ዜግነት ከያዙት በቀር፣ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት፣ ቤት መግዛት ይቻላል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መቀጠርም እንዲሁ።

ታላቅየው በዜግነት አዋጁ አንቀጽ 20 የተቀመጠ ቀጠሮ አለበት። 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝምታው እንደ መልስ ይወሰድበታል። አብዛኛው ልጅ በዚያ ዕድሜው ኮሌጅ ለመግባት ሲሯሯጥ ዓመቱ ያልፋል፤ ምን እንዳለፈው እንኳ አያውቅም። አሜሪካን ይተው አልልም፤ ጥቂት ልጅ ነው የሚተወው። ግን ሳያውቅ ከሚያልፈው አውቆ ይወስን፤ 17 ሲሆነው አባቱ ወይም እናቱ ቁጭ ብለው ይንገሩት። ካለፈውም በኋላ ኢትዮጵያዊ ልሁን ካለ አዋጁ በአንቀጽ 22 ይቀበለዋል፦ ኑሮውን ኢትዮጵያ ያደርጋል፣ የሌላውን አገር ዜግነት ይተዋል፣ ማመልከቻውን ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያስገባል።